ከሐበሻ ተራራ የወረደው ዝንጀሮ

«መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ይላል ተረታችን። ነገርን በቅደም ተከተል ስለ መያዝ የሚነገር ቢሆንም፣ ዝንጀሮን ከራሷ በፊት ማንንም የማታስቀድም ፍጥረት አድርጎ በልጅነት አእምሯችን ውስጥ ስሏታል። እኔም ለረጅም ዘመን ስለ ዝንጀሮ ከዚህ የተሻለ እውቀት አልነበረኝም።

ሌላው የማውቀው ነገር ጠላትነቷን ነበር። በልጅነቴ፣ ማሽላው እሸት በሚይዝበት ወራት አያቴ ዘንድ እላክ ነበር። ሥራዬ ከአጎቴ ልጆች ጋር ማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍና በጩኸት ዝንጀሮ መከላከል ነው። አንድ ቀን ከገደሉ የወረደውን መንጋ ውሾቻችንን ለቅቀን ስናባርር፣ የእኔ ድንጋይ ከሁሉም ኋላ የቀረችውን ግልገል እግሯ ላይ አገኛት። እያነከሰች ወደ ገደሉ ስታዘግም፣ ሲሸሽ የነበረው መንጋ በሙሉ ጉብታው ላይ ቆመ። አንዲት እንስት ተመልሳ ወረደች፤ ግልገሏ ሆዷ ሥር ተለጠፈች፤ መንጋው የተንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ልጆቹ ሳቅን። አያቴ ግን አልሳቁም። «የቆሰለ ወገኑን ጥሎ አይሄድም፤ ከዚህ ወዲያ ምን ትወረውርባታለህ?» አሉኝ። ያም ሆኖ ማታ ምድጃ ዙሪያ ስለ ኢላማዬ ተመሰገንሁ፤ እሸቴን ጠብሼ በላሁ፤ ነገሩንም ረሳሁት።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ያስታወሰኝ አገራችንን ረግጦ የማያውቅ አንድ እንግሊዛዊ ነው።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ በ1871 «የሰው ዘር አመጣጥ» የተሰኘውን መጽሐፉን ሲያሳትም፣ በ1859 ባወጣው «የዝርያዎች አመጣጥ» ውስጥ በዝምታ ያለፈውን ጥያቄ ፊት ለፊት ገጠመው። ሰው ከእንስሳት ጋር አንድ ግንድ ካለው ሕሊናው ከየት መጣ? የሚራራው፣ የሚያፍረው፣ ስለ ሌላው ብሎ ራሱን ለአደጋ የሚሰጠው ሰው ከየትኛው ሥር በቀለ? የዳርዊን መልስ በአጭሩ ይህ ነው፦ አብረው የሚኖሩ እንስሳት አንዱ ለሌላው የመተሳሰብ ስሜት አላቸው፤ በዚህ ስሜት ላይ ማስታወስና ማመዛዘን ሲታከልበት ሕሊና የምንለው ነገር ይበቅላል።

ይህን ለማስረዳት ምሳሌ ያስፈልገው ነበር። እርግጥ ነው፣ እንስሳትን ለምግባር ምሳሌ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። «ፊሳልጎስ» የተባለው መጽሐፍ በጥንት ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመልሶ፣ ፔሊካን የተባለችው ወፍ በገዛ ደሟ ጫጩቶቿን ሕያው ስለ ማድረጓ ለአባቶቻችን ሲተርክ ኖሯል። ይሁንና በዚያ መጽሐፍ ወፏ ምልክት ናት፤ የምታመለክተው ከራሷ በላይ ያለውን ነው። ዳርዊን የፈለገው ምልክት ሳይሆን ማስረጃ ነበር። ስለዚህ የመንገደኞችን መጻሕፍት አገላበጠ፣ የእንስሳት ጠባቂዎችን ጠየቀ፣ በየአገሩ ላሉ ወዳጆቹ ደብዳቤ ጻፈ። በዚህ ፍለጋው ውስጥ ደጋግሞ ብቅ የሚል አንድ የአገር ስም አለ፤ አቢሲኒያ።

ታሪኮቹን ያገኘው ከጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ከአልፍሬድ ብሬም ነው። ብሬም እ.ኤ.አ በ1862፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን፣ የሳክስ ኮቡርግና ጎታውን መስፍን ኧርነስት ዳግማዊን ተከትሎ ዛሬ ኤርትራ ወደምትባለው ምድር፣ ወደ ቦጎስ አካባቢ ተጉዞ ነበር። በመንሳዕ መተላለፊያ ላይ ተጓዦቹ አንድ የዝንጀሮ መንጋ በጠመንጃ አጠቁ። ዝንጀሮዎቹም ከገደሉ ላይ የሰው ራስ የሚያክሉ ድንጋዮችን እየፈነቀሉ ለቀቁባቸው፤ ባለ ጠመንጃዎቹ አፈገፈጉ፤ መንገዱም ለጊዜው ለቅፍለቱ ተዘጋ። ዳርዊን ይህን ሲጠቅስ፣ ዝንጀሮዎቹ በአንድነት መሥራታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው ይላል። ብሬም በሌላ ቦታ እንደሚነግረን፣ ነጭ ዝንጀሮዎች ትል ፍለጋ ድንጋይ ሲገለብጡ አንዱ ብቻውን የማይችለው ትልቅ ድንጋይ ከገጠማቸው፣ ዙሪያውን መቆም የሚችሉት ሁሉ ከብበው በአንድነት ይገለብጡታል፤ የተገኘውንም ይካፈላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ አይደለምን?

ከሁሉም የሚልቀው ግን ሦስተኛው ታሪክ ነው። አንድ ትልቅ መንጋ ሸለቆ እያቋረጠ ነበር። ከፊሉ ተራራው ላይ ወጥቷል፤ ከፊሉ ገና ታች ነው። ውሾች ተለቀቁበት። በዚህ ጊዜ አዛውንቶቹ ወንዶች ከአለቱ ላይ ተንደርድረው ወርደው ሲያገሡ ውሾቹ ደንግጠው ሸሹ። ውሾቹ እንደገና ተበረታተው ሲመለሱ መንጋው በሙሉ ከፍታው ላይ ደርሶ ነበር፤ ከአንድ የስድስት ወር ያህል ግልገል በቀር። ግልገሉ አንዲት ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ተከብቦ፣ እየጮኸ እርዳታ ይጣራል። ከትልልቆቹ ወንዶች አንዱ ዳግመኛ ከተራራው ወረደ። አልሮጠም። ቀስ ብሎ ወደ ግልገሉ ሄደ፤ አባበለው፤ በድል አድራጊነት ይዞት ተመለሰ። ውሾቹ ከመገረማቸው የተነሣ ሊነኩት አልደፈሩም።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘጋሁት። አንባቢ ሁልጊዜ ራሱን ከጀግናው ወገን መፈለግ ይወዳል። እኔ ግን በዚያ ሸለቆ ውስጥ ራሴን ያገኘሁት ከውሾቹ ዘንድ ነው። የአያቴ ጥያቄም ከእነ ድምፃቸው ተመለሰብኝ።

ዳርዊን ይህን ዝንጀሮ አልረሳውም። በመጽሐፉ መደምደሚያ ላይ፣ ከዝንጀሮ ዘር መቆጠር ለሚያሳፍራቸው አንባቢዎቹ መልስ ሲሰጥ ሁለት እንስሳትን ይጠራል። አንዲቱ የምትፈራው ትልቅ ዝንጀሮ ጠባቂዋን ሲነክስ ባየች ጊዜ ተወርውራ ያስጣለችው የለንደን የእንስሳት ማቆያ ትንሽ ጦጣ ናት። ሁለተኛው ከተራራ ወርዶ ግልገሉን ከውሾች መካከል ያወጣው የሐበሻው ዝንጀሮ ነው። ጠላቱን እያሠቃየ ከሚደሰት «አረመኔ» ይልቅ ከእነዚህ መወለድን እመርጣለሁ ሲል ይደመድማል።

እዚህ ላይ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። የአገሬ ተራራ ዝንጀሮ በዓለም ከታወቁት መጻሕፍት በአንዱ መጨረሻ ላይ በክብር መቀመጡ ደስ አሰኘኝ። ነገር ግን ያው ዐረፍተ ነገር ዝንጀሮውን ከፍ ለማድረግ ሰውን ዝቅ ማድረግ አስፈልጎታል። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ያያቸው የቲዬራ ዴል ፉዌጎ ሰዎች ናቸው በአእምሮው የነበሩት። እኔ ሐበሻው አንባቢ፣ ያን ጊዜ ብኖር የትኛው ረድፍ ውስጥ እመደብ ነበር? ለዳርዊን ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ ባርነትን አጥብቆ ይጠላ ነበር። በዚያው መጽሐፍ ውስጥም፣ ነገዶች ተባብረው ሕዝብ ሲሆኑ ሰው ርኅራኄውን ለማያውቀው ወገኑ ሁሉ ያሰፋል፤ ከዚያ ወዲያ ለሰው ልጅ ሁሉ እንዳያደርሰው የሚከለክለው ሰው ሠራሽ አጥር ብቻ ነው ሲል ጽፏል። ታላቅ አሳብ ነው። ታላቅ አሳብ ያፈለቀ ሰውም የራሱን አጥር ሁሉ አያይም።

ከዳርዊን በኋላ የመጡት ደቀ መዛሙርት ግን የመተሳሰቡን ምዕራፍ ትተው የትግሉን ምዕራፍ አነበቡ። ቶማስ ሃክስሊ እ.ኤ.አ በ1888 ባሳተመው ጽሑፍ የእንስሳትን ዓለም ከሮማውያን የግላዲያተሮች ትርኢት ጋር አመሳሰለው፤ ብርቱው፣ ፈጣኑና ተንኮለኛው ለነገ ውጊያ ይተርፋል። ይህን አንብቦ ዝም ማለት ያልቻለው ሩሲያዊው ልዑል ፒተር ክሮፖትኪን ነበር። በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ በሳይቤሪያ ብርድ ውስጥ ሲዘዋወር የዳርዊንን ትግል ፈልጎ፣ ያየው ግን በበረዶ ፊት አብረው የሚቆሙ እንስሳትን ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አጋዘኖች ከሰፊው ምድር ተሰብስበው የአሙርን ወንዝ በጠባቡ በኩል ሲሻገሩ አይቷል። ዘውዳዊውን ሥርዓት በመቃወሙ ታሰረ፤ እ.ኤ.አ በ1876 አመለጠ። በ1882 በእንግሊዝ አገር በብራይተን የውኃ እንስሳት ማሳያ ቤት፣ አንድ ትልቅ የባሕር ሸርጣን በጀርባው ወድቆ መገልበጥ ሲያቅተው፣ ጓደኞቹ እየመጡ ከሥር ሊያነሡት ሲታገሉ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆሞ ተመለከተ። ሸርጣኑን ሲገልጸው አብሮ እስረኛቸው አለው። ቃሉ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት መጨረሻ እርሱም ፈረንሳይ ውስጥ ተያዘ፤ ሩሲያዊው ኬስለር ስለ መረዳዳት ያደረገውን ንግግር ያነበበውም ወኅኒ ቤት ሆኖ ነው። ለሃክስሊ የሰጠው መልስ በ1902 «መረዳዳት» በሚል ርእስ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ።

የክሮፖትኪን ድክመት ዓይኑ ያየውን ሁሉ ልቡ ስለ ተረጎመው ነው። ሃያኛው ክፍለ ዘመን የስሜትን ቃል ለእንስሳት መስጠትን ነውር አደረገ፤ ማስረጃ በቤተ ሙከራ ይሁን ተባለ። በቤተ ሙከራ የተገኘው ማስረጃ ግን እንግዳ ነገር ነበረው፤ ርኅራኄ የተፈለገው በጭካኔ መሣሪያ ነው።

ራስል ቸርች የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ በ1959 ባሳተመው ጥናት፣ ማንሻ ተጭነው ምግብ ማግኘት የተማሩ አይጦች፣ መጫናቸው ጎረቤታቸውን በኤሌክትሪክ እንደሚያስጮኸው ሲያዩ መጫኑን ይተዉ እንደ ነበር አሳየ። በ1964 ጁልስ ማሰርማንና ባልደረቦቹ ይህንኑ በጦጣዎች ሞከሩት። ጦጣዋ ሁለት ሰንሰለት አለላት፤ ሁለቱም ምግብ ያመጣሉ፤ አንዱ ግን ከመስተዋት ማዶ ያለችውን ሌላዋን በኤሌክትሪክ ይመታል። አብዛኞቹ ያንን ሰንሰለት ሸሹት። አንዷ ለ5 ቀን፣ ሌላዋ ለ12 ቀን ሁለቱንም ሰንሰለት ሳትነካ ተራበች። ራሳቸው ከዚህ በፊት ሕመሙን የቀመሱና በአንድ ቤት አብረው የኖሩ ይበልጥ ይራሩ ነበር። በሌላ ፍጥረት ሥቃይ ላይ ላለመብላት 12 ቀን የጾመችውን እንስሳ፣ ኤሌክትሪኩን ያዘጋጀው ባለ ነጭ ካባ በማስታወሻው ይመዘግባል። ከሁለቱ ማንኛው ማንን ያስተምር ነበር?

የርኅራኄው እንዲህ ከሆነ የፍትሑስ? እ.ኤ.አ በ2003 ሣራ ብሮስናንና ሆላንዳዊው ፍራንስ ደ ቫል ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የታወቀውን የኪያርና የወይን ፍሬ ሙከራ አሳተሙ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጦጣዎች ትንሽ ድንጋይ እየመለሱ ቁራጭ ኪያር ይከፈላቸዋል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይሠራሉ። ከዚያ ለአንዷ ለዚያው ሥራ ጣፋጭ ወይን ተሰጣት። ያቺ ኪያር የደረሳት ብዙ ጊዜ ሥራውን እምቢ ትል፣ አንዳንዴም ኪያሩን ትወረውረው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ትርጓሜ ላይ ክርክሩ አልቆመም። ጦጣዋ የተቆጣችው በጎረቤቷ ሳይሆን ወይኑን አይታ ተስፋ በማድረጓ ነው የሚሉ አሉ። ፍሬድሪከ ራንገና ባልደረቦቿ በ2009 ባሳተሙት የቪየና ጥናት ደግሞ፣ ጓደኛው ሲሸለም እርሱ ምንም ያላገኘ ውሻ መዳፉን መስጠት ያቆማል፤ ነገር ግን ለአንዱ ዳቦ ለሌላው ቋሊማ ቢሰጥ ግድ አይለውም። የውሻ ፍትሕ እስከዚያ ድረስ ናት። በደል የደረሰበት ማጉረምረሙ ያን ያህል አይደንቅም፤ የሚከብደው ወይኑን የያዘው ማፈሩ ነው። እዚያ ጋ የምንደናቀፈው ጦጣዎች ብቻ አይደለንም።

ሥራዬ ባንክ ቤት፣ ከብድርና ከዕዳ መዝገብ ጋር ስለ ሆነ፣ ስለ ደም መጣጭ የሌሊት ወፎች ያነበብሁት ከሌሎቹ ይበልጥ አስገርሞኛል። ጄራልድ ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ በ1984 ከኮስታ ሪካ እንደ ዘገበው፣ እነዚህ ወፎች ሁለት ሌሊት በተከታታይ ጾማቸውን ካደሩ ለሞት ይቀርባሉ። ያልቀናትን ወፍ የጠገበችው ከሆዷ መልሳ ታጎርሳታለች። ማን ለማን እንደሚያጎርስ ከዝምድና ይልቅ የሚወስነው ማን ቀድሞ አጉርሶ ነበር የሚለው መሆኑን በ2013 የወጣ ጥናት አሳይቷል። መያዣ የለ፣ ውል የለ፣ ፊርማ የለ፤ ዕዳው ግን ይታወሳል። ደንበኛን ሳስተናግድ ውዬ ማታ ይህን ሳነብ፣ ከእኛ መዝገብ በፊት ሌላ መዝገብ እንደ ነበረ ገባኝ።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የአይጦቹ ነገር ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኢንባል ቤን-አሚ ባርታልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ነጻ የሆነችው አይጥ በጠባብ ቱቦ የተዘጋባትን ጓደኛዋን በሩን ከፍቶ ማውጣትን ማንም ሳያስተምራት ትማራለች። ሌላ ቱቦ ውስጥ ቸኮላት ቢቀመጥላትም ሁለቱንም ትከፍታለች፤ ብዙ ጊዜም ከቸኮላቱ ታካፍላታለች። በ2014 ተመራማሪዎቹ ከዚህ የጠለቀ ነገር ጠየቁ፤ አይጥ ባዕድን ትረዳለችን? ነጭ አይጥ የማታውቃትን ሌላ ነጭ አይጥ ትፈታለች፤ ከጥቁሮቹ ዝርያ የሆነችውን ባዕድ ግን አትፈታም። ጥቁር ጓደኛ አግኝታ አብራት ከኖረች በኋላ ግን የማታውቃቸውን ጥቁሮችም መፍታት ትጀምራለች። ገና ስትወለድ ጀምሮ ከጥቁሮች መካከል ብቻ ያደገችውስ? ባዕዳኑን ጥቁሮች ትረዳለች፤ የራሷን ዘር፣ መልኳን የመሰለችውን ነጭ ግን አትረዳም።

ይህን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብሁት። የአይጧ ወገን በደሟ ውስጥ አልተጻፈም። ወገኗ አብሯት የኖረው ነው። በአገሬ ስለ ደምና ስለ አጥንት የሚነገረውን ስሰማ፣ «የእኛ» እና «የእነሱ» የሚለው ቃል በሰው ፊት ላይ ሲያልፍ ሳይ፣ ይህች ነጭ አይጥ ትታወሰኛለች። አይጥን ለሰው ዳኛ ማድረግ አይገባም፤ እኔም አላደርግም። ነገር ግን የርኅራኄን አጥር የሚተክለውም የሚነቅለውም አብሮ መኖር መሆኑን ከእርሷ መማር ነውር አይደለም።

እንስሳትን ወደ ቅድስና ማዕረግ ላውጣ አልልም። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር እ.ኤ.አ ከ1960 ጀምሮ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በኤረር አካባቢ ነጭ ዝንጀሮዎችን አጥንቷል። ወንዱ ዝንጀሮ ከዘር የራቀችውን ሚስቱን አንገቷን እየነከሰ እንደሚመልሳት የጻፈው እርሱ ነው። ያ ለግልገል ከተራራ የሚወርደው ጀግና፣ በማግሥቱ የእንስቷን አንገት የሚነክሰው ነው። በታንዛንያ በጎምቤ ደግሞ እ.ኤ.አ ከ1974 እስከ 1978 አንድ የቺምፓንዚ ማኅበር ተገንጥሎ የወጣውን ወገኑን እየለቀመ ፈጀ። ሟቾቹ ገዳዮቻቸውን በቅርብ ያውቋቸው ነበር። አብሮ መኖር አጥር ይነቅላል ባልሁበት አፌ፣ አጥሩ እንደገና ሊተከል እንደሚችልም መናገር አለብኝ።

ቢሆንም ጽሑፌን በጎምቤ መዝጋት አልፈልግም። በመንዝ፣ ሕዝቡ ሣሩን ለዘመናት በጋራ ሕግ ሲጠብቀው በኖረው በጓሳ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎችና ቀይ ቀበሮ አንድ መስክ ይጋራሉ። በዓለም ያለው ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች በሚግጡበት መካከል ዝግ ብሎ እየተራመደ አይጥ ያድናል። እ.ኤ.አ በ2015 የወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በጭላዳዎቹ መካከል ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው፣ ለብቻው ሲያድን ደግሞ 25 በመቶው ብቻ ይሳካለታል። ግልገሎቻቸውን መንጠቅ በሚችልበት ርቀት ላይ ሆኖ አይነጥቅም፤ እነርሱም አይሸሹትም። ይህን ርኅራኄ ብዬ አልጠራውም፤ ምናልባት ጥቅም ብቻ ነው። ጥቅምም ቢሆን ግን ሁለቱም ያልጣሱት ቃል ኪዳን ይመስላል።

አያቴ ዳርዊንንም ሃክስሊንም ሳያነቡ አለፉ። እርሳቸው ያዩት ጉብታው ላይ የቆመ መንጋ ነው፤ እኔ ያየሁት ኢላማ ነበር። የአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል ክርክር ያነበብሁት ያን የአንድ አፍታ እይታ ለመድረስ ይመስለኛል። ማሽላው ያው መጠበቅ አለበት፤ ዝንጀሮውም ያው ሌባ ነው። እጄ ግን ወደ ወንጭፉ በሄደ ቁጥር፣ በሰውም ይሁን በእንስሳ ላይ፣ ያ ጥያቄ ይቀድመኛል።

ከዚህ ወዲያ ምን ትወረውርባታለህ?